በሰቆጣ የሣልኳት አጭር ዓምድ

ሥራ የጀመርኩት ጥቅምት ውስጥ፣ ሰኞ ቀን ነው። የጥናቱ ጽሕፈት ቤት በዋግ አውራጃ ሰቆጣ ከተማ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ነበር። አንዱ ክፍል የኃላፊው ነው፤ ሌላው የቀረነው ሁሉ። ጠረጴዛዬ በጽሕፈት መኪናውና በማባዣው መኪና መካከል ተቀመጠ። ማባዣው ሲዞር ቀለም ይረጭ ስለነበር የመጀመሪያው ቀን ነጠላዬ ተበላሸ።

ኃላፊው አቶ ሙሉጌታ ይባላሉ። የጤና መኮንን ናቸው፤ ከደሴ ተመድበው የመጡ። በዕድሜ እኩያዬ ቢሆኑም እናት ነዎት ብለው አንቱ ይሉኝ ነበር። ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝና «እስቲ መስመር ያሰምሩልኝ» አሉ። ማስመሪያ መስጠቱን ረስተውታል። እኔም አልጠየቅሁም። ወረቀቱን አጥፌ በእጥፋቱ ላይ አሰመርኩ።

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

«አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን በወስፌ የማሰምርላቸው እኔ ነበርኩ።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱና አዩት። «የሥራ መደብዎ ሠንጠረዥ አዘጋጅ ነው» አሉኝ። ከዚያ በፊት የሥራ መደብ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ባሌ ሞቶ፣ ልጄ ለቅኔ ትምህርት ጎጃም ወርዶ፣ ሴቷ ኮረም አግብታ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። እንጀራ የሚሆን ሥራ ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ሌላው ባልደረባችን አቶ ካሡ ነው። መዝጋቢ ነበር፤ በበቅሎ ከአጥቢያ አጥቢያ እየዞረ ሰዎችን ጠይቆ ቅጹን ሞልቶ ያመጣል። በዚያው ቀን እንዲህ ብሎ ተቀበለኝ፦ «እንኳን ደህና መጣሽ እቴ ጽጌ። እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ ታሰምሪያለሽ፣ አለቃችን ይፈርማሉ፣ ከዚያ አይጥ ይበላዋል።»

ሥራው በቅደም ተከተል ነበር። ካሡ ያመጣውን ቅጽ በየመልሱ እንለያለን። ከዚያ በሠንጠረዥ እናሰፍራለን። ከሠንጠረዡ ውስጥ ለሰው የሚነገረውን መርጠን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ቁጥሩ በበዛ ቁመቱ የሚረዝም ዓምድ እንስላለን። አቶ ሙሉጌታ ሪፖርቱን ይጽፋሉ፤ እኔ በስቴንስል፣ በማባዣው የሰም ወረቀት፣ መትቼ አባዛለሁ። አንድ ቅጂ ደሴ ይሄዳል። ዓምዶቹን ደግሞ በትልቁ አቡጀዲ ጨርቅ ላይ እገለብጣቸዋለሁ፤ ለሕዝብ የሚሰቀለው እሱ ነው።

ለሕዝብ ማሳየቱ የአቶ ሙሉጌታ ደንብ ነበር። «ቃሉን የሰጠን ሰው መልሱን ሳይሰማ ጥናቱ አይዘጋም» ይሉ ነበር። ሌላ ቦታ እንዲህ ሲደረግ አላየሁም።

ጽሑፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። «ብዙ» ብዬ ከጻፍኩ አጠገቡ «ስንት?» ብለው ይጽፋሉ። «ይመስላል» ካልኩ «ለማን?» ይላሉ። አንድ ጊዜ «እጅግ የሚያሳዝን ውጤት» ብዬ መታሁ። ሰረዙት። «ማዘን የአንባቢው ድርሻ ነው ወይዘሮ ጽጌ» አሉኝ።

የመጀመሪያ ጥናታችን የዓይን በሽታ ነበር። ጨርቁን ይዘን ፃግብጂ ወረድን። እኔ ስለ ዓይን ተናግሬ ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነሡና ረጅሙን ዓምድ በበትራቸው እየጠቆሙ «ይህ የማን ክምር ነው? ዘንድሮ ምን ዘርቶ ነው እንዲህ ያፈሰው?» አሉ። ሰዉ ሁሉ ሣቀ። ሽማግሌው ግን እየቀለዱ አልነበረም። ቁመት ያለው ነገር በአገራችን ጥጋብ ነው። ከዚያ ወዲህ አፌን የምከፍተው «ይህ የበሽታ ክምር ነው፤ ሲያጥር ነው ደስ የሚለው» ብዬ ሆነ።

ንግግሩን በአማርኛ ጀምሬ በኽምጣንጋ እደግመዋለሁ። እናቴ የኽምጣንጋ ተናጋሪ ነበሩ። በጽሕፈት ቤቱ ሁለቱንም ቋንቋ የምችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ መናገሩ ቀስ በቀስ ለእኔ ተተወ።

ብቸኝነቱን መቼም መናገር አለብኝ። ወንዶቹ ምሳ አብረው ይወጣሉ፤ እኔ ቋጥሬ የመጣሁትን ጠረጴዛዬ ላይ እበላለሁ። ሰፈሬ ያሉት ሴቶች «ከወንድ ጋር ወረቀት ስታገላብጥ ትውላለች» ብለው ማኅበር ሲጠጡ መጥራት ተዉኝ። አላስቀየምኳቸውም፤ አላስቀየሙኝም። እንዲሁ ሆነ። ኪዳን አደርሳለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ከሥራ ቤቴ እገባለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ከደሴ አዲስ ጥናት ታዘዘ። ስለ ሕፃናት ሞት ነው። ምክንያቱም በደብዳቤው ላይ በግልጽ ሠፍሮ ነበር። ለጠቅላይ ግዛቱ አንዲት የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ ተፈቅዳለች። ሕፃን ገና እንደተወለደ በብዛት የሚሞትበት አውራጃ እሷን ያገኛል። ሌሎቹ ይጠብቃሉ።

ካሡ ቅጹን ይዞ ዞረ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ስንት ልጅ ወለድሽ? ከነሱ ስንት ሞቱ? በስንት ጊዜያቸው ሞቱ?» ባልየውም ይመልሳል፣ ሚስትም ትመልሳለች። ቅጾቹ መጡ፤ ለየናቸው፤ ሠንጠረዡን ሠራሁ፤ ዓምዶቹን ሣልኩ።

በፈንጣጣና በኩፍኝ የሞቱት፣ መሄድ ከጀመሩ በኋላ የሞቱት፣ ዓምዳቸው ረጅም ነበር። ከተወለዱ ወር ሳይሞላቸው የሞቱት ግን የጥፍር ያህል ዓምድ ሆኑ። ቀለም ስቀባት ብሩሹ በለጣት።

አቶ ሙሉጌታ ወረቀቱን ይዘው ቆዩ። «እዚህ አገር አዲስ የተወለደ ሕፃን አይሞትም ማለት ነው?» አሉ።

«አየሩ ነው ጌታዬ» አለ ካሡ። «የዋግ አየር እንኳን ሕፃን ሽማግሌም አይገድል። አያቴን አያውቋቸውም?»

አቶ ሙሉጌታ አልሣቁም። «ቅጹን ደግመው ይዩልኝ» አሉኝ። ደግሜ አየሁ። የተሳሳተ ድምር አልነበረም። ደሴ ይቸኩል ስለነበር ሪፖርቱ ተላከ። በዚያ ሪፖርት ነርሷ ለእኛ እንደማትደርሰን ሁላችንም ገብቶናል። ካሡ «ሕፃኖቻችን ከኖሩ ምን ጎደለን?» አለ። ልክ ነበር። እኔም ተመስገን ብያለሁ።

ጨርቁን ይዘን ጋዝጊብላ የወጣነው ጾሙ እንደገባ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ በሁለት ወይራዎች መካከል አቡጀዲውን ወጠርነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን ቆሙ፤ ሴቶቹ ተቀመጡ። እንደ ልማዴ ጀመርኩ፦ «ይህ የሞት ክምር ነው። ሲያጥር ነው ደስ የሚለው።»

ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት ሴት ከፊት ተቀምጣ ነበር። «ይቺ አጭሯስ ምንድን ናት?» አለችኝ።

«ከተወለዱ ወር ሳይሞላቸው የሞቱ ልጆች ናቸው።»

«የማን አገር ልጆች?»

«የናንተው፣ የዚሁ አገር።»

«ኧረ ወዲያ! ወር ያልሞላውማ ክርስትና አልተነሣም። ስምም የለው፣ ፍትሐትም የለው። ልጅ ብለሽ ትቆጥሪዋለሽ?»

ሴቶቹ ወደ መሬት አዩ። አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከኋላ አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እማማ ወርቄ ይባላሉ፤ የዚያ አገር አዋላጅ ናቸው። ከተሰበሰቡት ሴቶች ገሚሱን አምጠው ሲወልዱ የያዙ እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ እነሱን ማን ጠየቀ?» አሉኝ።

«ጠይቀናል እማማ። ስንት ልጅ ወለድሽ፣ ስንት ሞተብሽ ብለናል።»

«ልጅ ብላችሁ ጠየቃችሁ። ልጅ የሆነውን ነገሯችሁ። ምን አጠፉ?»

 ጨርቁ ላይ ያለችውን አጭር ዓምድ ሳያት ቆየሁ። እኔም ብጠየቅ ኖሮ «ሁለት ወለድኩ፣ የሞተብኝ የለም» ነበር የምለው። ዋሽቼም አይደለም። መካከለኛዋ ሴት ነበረች። በስምንተኛው ቀን ጡት መያዝ አቃታት፤ መንጋጋዋ ገጠመ፤ ሰውነቷ እንደ እንጨት ደረቀ። ሰማንያ ቀን ሳትደርስ ስለሞተች ባሌ በነጠላ ጠቅልሎ ይዟት ወጣ። የት እንደቀበራት አልነገረኝም፤ እንዲህ ላለው አይነገርም። አልተለቀሰላትም። ጎረቤት «ማርያም ሌላ ትስጥሽ» አለኝ፤ ሰጠችኝም። ቅጽ ላይ የሚሞላ ነገር መሆኗን እስከዚያች ቀን አላሰብኩም።

ንግግሩን ተውኩና እማማ ወርቄ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። «እማማ፣ እንዴት ብለን ብንጠይቅ ነው የሚነግሩን?»

«ሞተብሽ ወይ አትበያት። ሴት አራስ የተኛችበትን አትረሳም። ገንፎ ስንቴ ተገነፋልሽ በያት፤ ከነቅቤው ትነግርሻለች።»

ሴቶቹ ሣቁ። ያቺ ወጣት «የኔማ ሁለተኛው ቅቤ የለውም ነበር፤ አማቴ ናት የሠራችው» አለች። ደግመው ሣቁ። ከዚያ ወጣቷ አንቀልባዋን አጠበቀች። «ሦስቴ ነው አራስ የተኛሁት» አለች። ያዘለችው ልጅ የመጀመሪያዋና ብቸኛዋ መሆኑን ቀደም ብላ ነግራኝ ነበር።

ስንመለስ በመንገድ ላይ ለካሡ ነገርኩት። ሁለት ጥያቄ እናድርገው አልኩ፦ ስንት ጊዜ አራስ ሆንሽ? ስንት ክርስትና አስነሣሽ? ልዩነቱን ሴቲቱ አትናገረውም፤ ወረቀቱ ይናገረዋል።

ካሡ በቅሎውን አቆመ። «መንታ የወለደችስ? አንድ አራስነት፣ ሁለት ክርስትና። በሠንጠረዥሽ አንድ ልጅ አተረፈች ማለት ነው።»

«ለመንታ ሌላ ረድፍ እናወጣለን።»

«እሺ። ግን እኔ ወንድ ነኝ፤ ገንፎ ስንቴ በላሽ ብዬ የሰው ሚስት ብጠይቅ ባልየው በምን ይመልስልኛል? በዱላ ነው።»

አቶ ሙሉጌታ ነገሩን ቆመው ሰሙኝ። እነዚያ ሕፃናት መንጋጋቸው ገጥሞ እንደሚሞቱ ስነግራቸው ቁጭ አሉ። «መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ በቆሸሸ ስለት ይገባል። እትብቱን በምን ይቆርጡታል?» አሉ። «ባገኙት ነው» አልኩ፤ «በማጭድም፣ በምላጭም። ቅቤ ይቀባል።»  ቅጹን ሳቡና በገዛ እጃቸው ሦስተኛ ጥያቄ ጨመሩ፦ «ሲወለድ አልቅሶ ነበር? ካለቀሰስ ስንት ቀን ቆየ?» ሞቶ የተወለደውን ተወልዶ ከሞተው የምንለይበት ነው። እኔ አላሰብኩትም ነበር።

«የተላከውን ሪፖርት አስመልሰዋለሁ» አሉ። «ምክንያት ይጠይቁናል፤ እንመልሳለን። ክረምት ሳይገባ ግን ሁሉንም ቦታ ዳግም መጠየቅ አንችልም። የሚቻለንን ያህል አጥቢያ እንድረስ። ጠያቂዋ እርስዎ ነዎት።»

ከመውጣቴ በፊት የንስሐ አባቴን አየሁ። ልቤ አልረጋም ነበር። ያልተጠመቀውን ከልጅ መቁጠር፣ ደግሞም ሰው መቁጠር ራሱ፣ ከሕግ የሚያስወጣ መሰለኝ።

«አባቴ፣ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ ተቀጥቷል። እኔ ሙታንን ልቆጥር ነው።»

«ዳዊት የተቀጣው ሠራዊቴ ስንት ነው ብሎ ሊኮራበት ነው። አንቺስ ለምን ትቆጥሪያለሽ?»

«ለአገሩ አዋላጅ ለማስመጣት ነው።»

«እንግዲያው ሂጂ። ስትጠይቂያቸው ግን ቁጭ ብለሽ ይሁን፤ ቆመሽ አትጠይቂ።»

ቁጭ ብዬ ጠየቅሁ። ካሡ ደጅ ከባሎቹ ጋር ስለ በሬ ያወራል፤ እኔ ውስጥ ከሚስቶቹ ጋር ነኝ። ጥያቄዎቹ አጫጭር ነበሩ። «አምስቴ አራስ። ሁለት ክርስትና። አዎ፣ አልቅሶ ነበር። እሷም አልቅሳ ነበር።» አንዷ ይህን ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ሽሮዋን ታማስላለች፣ ጥጧን ትፈትላለች። አንዳንዷ «ለምንድን ነው የምትጽፊው?» ትላለች። «ለጥናት ነው» እላለሁ። ስለ ነርሷ እንዳንናገር አቶ ሙሉጌታ አዝዘውናል። አንዲት ብቻ ስነሣ እጄን ያዘችኝና «ቀይ ነበር» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።

ክርስትናውን ከየአጥቢያው ካህናት ጋር አመሳከርን። እነሱ የሚያስታውሱት ከእናቶቹ ቃል ጋር ገጠመ።

እነዚያ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። የሰማሁትን የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ካሡ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን እንዲህ ያለውን ለወንድ አይነግሩም። ሰፈሬ ያሉት ሴቶች ደጃፋቸውን ዘግተውብኛል። ለልጄ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀምጬ «እኔ ደህና ነኝ፤ ትምህርትህን በርታ» ብዬ ብቻ አጠፍኩት። ጸሎት ላይ ግን ተናገርኩ። የሚሰማ ስላለኝ ተመስገን።

አዲሱን ዓምድ ስስል ከወረቀቱ አናት ወጣ። «መለኪያውን ላሳንሰው?» ብዬ ጠየቅሁ። አቶ ሙሉጌታ እንቢ አሉ። «መለኪያው ከተለወጠ ከፊተኛው ጋር አይነጻጸርም። ሌላ ወረቀት ይቀጥሉበት።» ቆርጬ በሙጫ ቀጠልኩበት። ሲታይ አያምርም ነበር፤ መገጣጠሚያው ያስታውቃል።

ግንቦት ላይ ነርሷ የምትመደብበትን ለሚወስነው ስብሰባ ደሴ ተጠራን። ሰብሳቢው፣ የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ሹማምንት፣ የሌሎች አውራጃ ጤና ኃላፊዎች ነበሩ። አቶ ሙሉጌታ መግቢያውን ተናገሩና «የቀረውን ጠያቂዋ ታቀርባለች» ብለው ተቀመጡ። በአዳራሹ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሰቀልኩ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይህ የፊተኛው ሪፖርታችሁ፣ ይህ የኋለኛው። ውሸቱ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም እውነት ናቸው ጌታዬ። የተለያየው ጥያቄው ነው» አልኩና የፊተኛውንና የኋለኛውን ጥያቄ አነበብኩ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አስረዳሁ።

ከሌላ አውራጃ የመጡ አንድ ኃላፊ እጃቸውን አነሡ። «ሴቶቹ ነርስ እንደምትመጣ ሰምተው ቢጨምሩስ?»

«ስለ ነርስ የነገራቸው የለም። ክርስትናውንም ከካህናቱ ጋር አመሳክረናል።»

«አራስ ሆንኩ ማለትስ? እሱን ማን ያመሳክራል? አንዲት ሴት ሦስት ብትል፣ አራት ብትል፣ ማን ያውቃል? እስቲ አንቺ ስንት ወልደሻል?» አሉኝና ወደ ጎን ዞረው ፈገግ አሉ። አንዳንዱ ሣቀ።

«አራስ የተኛሁት ሦስቴ ነው። ክርስትና ያስነሣሁት ሁለቴ» አልኩ።

ሣቁ ቆመ። ሰውዬው ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። 

«ቀጥዪ» አሉኝ ሰብሳቢው።

ቀጠልኩ። በስንተኛው ቀን እንደሚሞቱ፣ እናቶቹ ስለ መንጋጋው የሚሉትን፣ እትብቱ በምን እንደሚቆረጥ ተናገርኩ። የሚያሳዝን አላልኩም። አመስግኜ ተቀመጥኩ።  ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ወረቀቶቼን ጠቀለልኩና አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳለምኩ።

ነርሷ ለዋግ ተፈቀደች። ሲስተር አስናቀች ትባላለች። ከክረምቱ በኋላ መንገዱ ሲደርቅ በጭነት መኪና መጣች። ገና ወጣት ነበረች፤ ሻንጣዋ ከእሷ ይከብድ ነበር። ጋዝጊብላ ወስጄ ከእማማ ወርቄ ጋር አገናኘኋት። እማማ ከላይ እስከ ታች አዩአትና «ይቺ ራሷ ገና አራስ ልጅ ናት!» አሉ። ከሳምንት በኋላ ግን እቃዋን ተሸክመውላት ሲሄዱ ተገኙ። ሲስተር ለእሳቸውና ለየአጥቢያው አዋላጆች ምላጭ እንዴት እንደሚቀቀል አሳየች፤ እትብት ላይ ምንም እንዳይቀባ ነገረቻቸው።

በዓመቱ አቶ ሙሉጌታ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ። በእሳቸው ቦታ የመጣ አልነበረም። ካሡ ታሞ ወደ አባቱ አገር ገባ። የጽሕፈት ቤቱን ቁልፍ እኔ ያዝኩ። ሲስተር ከየአጥቢያው ጠይቃ ያመጣችልኝን ቅጽ ደምሬ የዓመቱን ሠንጠረዥ ብቻዬን ሠርቼ ላክሁ።

ከደሴ የመጣው መልስ አጭር ነበር። ነርሷ ከተመደበች ወዲህ ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ሞት እንደ ጨመረ ከሠንጠረዡ ታይቷል ይላል። ስለዚህ ምደባው ታጥፎ ነርሷ ወደ ሌላ አውራጃ ልትዛወር ታስቧል፤ አስተያየት ካለ ይቅረብ።

ደብዳቤውን ለሲስተር አላሳየኋትም። በዚያን ሰሞን ወደ ፃግብጂ ምጥ ተጠርታ ሄዳ ነበር። ቁጥሩ መጨመሩ እውነት ነው፤ ራሴ ነኝ የደመርኩት። የምጠይቀው ሰው አልነበረም። አቶ ሙሉጌታ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ። «ለማን?» «ስንት?» «ከየት?» ይሉ ነበር። «ከየት?» የሚለውን ያዝኩ።

ቅጾቹን እንደገና አወረድኩና በየአጥቢያው ለየኋቸው። ሞት የጨመረው ቀድሞ ያልጠየቅንባቸው አጥቢያዎች ውስጥ ነበር። በፊት የጠየቅንባቸውም ቦታዎች ቢሆኑ፣ ሴቶቹ ቀድሞ ዝም ያሉትን አሁን ለሲስተር ተናግረዋል። ለእሷ መናገር ይቀላል፤ መድኃኒት ይዛ ነው የምትመጣ። ከዚያ ሲስተርና ያሠለጠነቻቸው አዋላጆች የደረሱባቸውን አራሶች በአንድ ወገን፣ ያልደረሱባቸውን በሌላ ወገን አደረግሁ። የደረሱበት ወገን አጭር ነበር፤ ልዩነቱን ለማየት ማስመሪያ አያስፈልግም ነበር።

አንድ ገጽ ጻፍኩ። ሁለት ዓምድ ሣልኩ። ከሥሩ ይህን መታሁ፦ «የጨመረው የተነገረው ሞት ነው፤ የሞቱት ሕፃናት ራሳቸው ለመጨመራቸው ሠንጠረዡ አያስረዳም። ነርሷ የደረሰችበትና ያልደረሰችበት ተለይቶ ቀርቧል። ይታይ።» የኃላፊው ስም የሚፈረምበት ቦታ ባዶ ነበር። «ጽጌ፣ ሠንጠረዥ አዘጋጅ» ብዬ ፈረምኩበት።

መልስ እስኪመጣ ሱባዔ ገባሁ። የመጣው መስቀል ሊደርስ ሲል ነው። «ምደባው ይጸናል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ለሲስተር ያን ጊዜ ሰጠኋት። አንብባ «ልታስወጡኝ ነበር እንዴ?» ብላ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። ለብዙ ጊዜ ከሰው ጋር አልሣቅሁም ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ውጤታችሁን ወደ ላይ ከመላካችሁ በፊት ቃሉን ለሰጣችሁ ሰው አሳዩት። ያላለውን ጻፋችሁ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ቁጥር ከፍ ሲል ደግሞ ነገሩ ከፋ ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት፣ ዝም ያለ ሰው አፉን ከፍቶ እንደሆነ ጠይቁ።